ጆሮ ላይ የሚሰካው ኤሌክትሪክ፦ ከመግዛታችን በፊት እንመርምር

ጆሮ ላይ ተሰክቶ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለቅ ትንሽ መሣሪያ አለ። ጭንቀት ያቀላል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ልብ ያረጋጋል፣ ትምህርት እንኳ ያፈጥናል እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ ይወደሳል። ማስታወቂያው እስካሁን ያልደረሳችሁ ካላችሁ ብዙ አይቆይም፣ ይደርሳችኋል። ከማስታወቂያው ጋር አንዲት ዓረፍተ ነገር አትጠፋም፦ «በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል» የምትል።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ጥናት የለም ልላችሁ አይደለም። ጥናቱ አለ፣ ያውም በታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራ። ጥያቄው ጥናቱ በትክክል ምን አገኘ፣ ማን ላይ ተሠራ፣ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ደጋንና ባቲ ያለን ሰዎችስ ከእሱ ምን እንያዝ የሚለው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መሣሪያውን ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ብሎ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ ለመግዛት ጊዜው አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥናቱን እኛው አገር፣ እኛው ከተማ ለመሥራት ግን ጊዜው አሁን ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ። አይጣሉም፤ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ከአንጎላችን ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጨጓራና ወደ አንጀት የሚወርድ ረጅም ነርቭ አለ። ቬገስ ይባላል፤ በላቲን «ተንከራታች» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ሰውነታችን ውስጥ ብዙ ቦታ ስለሚዞር ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የልብ ፍሬን መሆን ነው። ስንደነግጥ ልባችን ይሮጣል፤ ስንረጋጋ ቬገስ ፍሬኑን ረገጥ ያደርገዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሌዊ የተባለ ሳይንቲስት የአንዲት እንቁራሪትን ልብ የቬገስ ነርቭ በኤሌክትሪክ አነቃቃ፤ ልቡ ቀዘቀዘ። ከዚያ ልቡ የተነከረበትን ፈሳሽ ወስዶ ሌላ ልብ ላይ አፈሰሰው። ምንም ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ቀዘቀዘ። ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያስተላልፍ የታወቀው በዚህ ሙከራ ሲሆን፣ ሌዊ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል።

ሐኪሞች ይህን ነርቭ ለሕክምና መጠቀም የጀመሩት በቀዶ ሕክምና ነው። በግራ ደረት ቆዳ ሥር ትንሽ መሣሪያ ይቀበራል፣ ሽቦው አንገት ውስጥ ካለው የቬገስ ነርቭ ጋር ይታሰራል፣ መሣሪያው በየተወሰነ ጊዜ ኤሌክትሪክ ይልካል። የመጀመሪያው ሰው ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1997 በመድኃኒት ላልተቆጣጠሩት የሚጥል በሽታ፣ በ2005 ደግሞ ሌላ ሕክምና እንቢ ላለው ድባቴ ፈቅዶታል።

ቀዶ ሕክምና ግን ቀዶ ሕክምና ነው። ውድ ነው፣ አደጋ አለው፣ ስፔሻሊስት ይፈልጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች «ይህ ነርቭ ከቆዳ አጠገብ የሚገኝበት ቦታ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። አለ፣ ጆሮ ላይ።

እናንተም ሳታውቁት ደርሳችሁበት ይሆናል። ጆሯችሁን ስትጠርጉ ድንገት ሳል ያፈናችሁ ጊዜ የለም? ጆሮ ተነክቶ ጉሮሮ የሚያስለው፣ ከቬገስ የምትወጣ አንዲት ቅርንጫፍ የጆሮ ቀዳዳ ቆዳ ላይ ስለምትደርስ ነው። ሁሉም ሰው ላይ አይታይም፣ የሚታይበት ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረታችን ለሌላ ነገር የተባለ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። ከልባችን ጋር የሚገናኝ ነርቭ ጆሯችን ላይ እንዳለ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

መሣሪያው እንግዲህ ይህችን ቅርንጫፍ ነው የሚነካው። ከጆሮ ቀዳዳ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ወይም ቀዳዳውን ከፊት በምትከልለው ትንሽ ጉብታ ላይ ይሰካል። ብዙ ጊዜ በሰከንድ 25 ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከሺኛ ሰከንድ ሩብ የማይበልጥ አጭር ኤሌክትሪክ ይለቃል። መጠኑ እስኪነዝር ድረስ ከፍ ይደረጋል፤ እስኪያም ድረስ ግን አይደለም። መርፌ የለም፣ ደም የለም፣ ማደንዘዣ የለም።

በጤነኞች ላይ ምን ተገኘ?

ተስፋ ከሰጡት ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 48 ጤነኛ ሰዎች ላይ ለ15 ደቂቃ ሞከሩት። የልብ ምት አመልካቾች ወደ መረጋጋት አዘነበሉ፤ ሰውነትን ለሽሽትና ለጠብ የሚያዘጋጀው የነርቭ ሥርዓት እንቅስቃሴም ቀነሰ። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ2019 የወጣ ሌላ ሥራ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ጤነኞችን ወሰደ። በቀን 15 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ሲሰጣቸው በልብ ምት አመልካቾች፣ በስሜትና በእንቅልፍ ላይ መሻሻል ታየ ተባለ።

በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 12 ጤነኛ ሰዎችን አንጎል በሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኝቶ ጆሯቸውን አነቃቃ። የቬገስ መልእክት መጀመሪያ የሚያርፍበት የአንጎል ግንድ ክፍል በራ። ሎቲ የሚንጠለጠልበት የጆሮ ጫፍ ሲነቃቃ ግን እንደዚያ አልሆነም።

ለእኔ በጣም የገረመኝ የ2020ው ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ 36 ሰዎች የቻይንኛን የድምፅ ቅላጼ እንዲለዩ ተደረገ፤ ለእነሱ እጅግ ከባድ ነው። ከፊሎቹ ከትምህርቱ ጋር ጆሯቸው ላይ የማይሰማ ያህል ደካማ ኤሌክትሪክ ተሰጣቸው። ኤሌክትሪኩ ቀለል ካሉት ቅላጼዎች ጋር የተጣመረላቸው ሰዎች ፈጥነው ተማሩ። ከከባዶቹ ጋር የተጣመረላቸው ግን ያን ጥቅም አላገኙም። ይህን ያነበበ አማርኛ አስተማሪ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም። «ጠ»ንና «ተ»ን፣ «ቀ»ንና «ከ»ን መለየት ያቃተው የውጭ አገር ተማሪ ስንት ጊዜ አስቆናል?

አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ፤ ሻጮች የማያነቡላችሁ ገጽ ይህ ነው።

በ2021 የጀርመን ተመራማሪዎች እስከዚያ የታተሙ 16 ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ አሰሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ የጆሮ ማነቃቂያ በልብ ምቶች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት፣ ማለትም የቬገስን ፍሬን በቀጥታ ያሳያል የሚባለውን መለኪያ፣ ከይስሙላ ማነቃቂያ በተለየ ይቀይረዋል ወይ? መልሱ አይቀይረውም ነበር። «መረጃው አላረካንም» አላሉም። ለውጥ የለም ለሚለው ጠንካራ ማስረጃ አገኘን ነው ያሉት።

ደኅንነቱስ? በ2022 የወጣ ጥናት 177 ሥራዎችንና 6,322 ሰዎችን ጠቅልሎ ተመለከተ። የጆሮ ሕመም፣ ራስ ምታትና መንዘር ታይተዋል፤ መሣሪያው ከባድ ጉዳት ለማድረሱ ግን ማስረጃ አላገኘም። ይህ መልካም ዜና ነው። ግን ልብ በሉ፣ «አይጎዳም» እና «ይጠቅማል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያቀርባቸዋል።

ለምን ተጣሉ?

አንዱ ይሠራል ሲል ሌላው አይሠራም የሚለው ሳይንቲስቶች ስለዋሹ አይደለም። ምክንያቶቹ ተራ ናቸው፣ ማንም ሊገባው ይችላል።

መጀመሪያ የሰዎቹ ቁጥር። በ12 ሰው፣ በ36 ሰው የተሠራ ሥራ በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሠራም። ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ ዕድል ብቻውን ውጤት ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛ የይስሙላው ማነቃቂያ። አንድ መድኃኒት ሲፈተሽ ለማነጻጸሪያው ቡድን ተመሳሳይ ባዶ ክኒን ይሰጣል። ኤሌክትሪክን ግን እንዴት ታስመስለዋለህ? ካልነዘረው ሰውየው የይስሙላ እንደደረሰው ያውቃል። የጆሮ ጫፍ ላይ ከነዘርከው ደግሞ እሱም ነርቭ ነውና የራሱ ውጤት ሊኖረው ይችላል። «ያረጋጋሃል» ተብሎ 15 ደቂቃ ጸጥ ባለ ክፍል የተቀመጠ ሰው ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክም ይረጋጋል።

ሦስተኛ፣ የሊድሶቹ ጥናቶች መጀመሪያ ላይ ውጥረት የበዛባቸው ሰዎች የበለጠ ለውጥ እንዳሳዩ ይናገራሉ። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የደም ግፊታችሁን ዛሬ ለካችሁት እንበል፤ ከመንደሩ ሁሉ ከፍተኛው የወጣባቸው 10 ሰዎች ነገ ቢለኩ በአማካይ ዝቅ ይልላቸዋል። ምንም ሳይደረግላቸው። ጫፍ ላይ የተገኘ ልኬት በሁለተኛው ቀን ወደ መሐል ይመለሳል። ይህን ያላጣራ ጥናት የተፈጥሮን ሥራ ለመሣሪያው ሊሰጥ ይችላል።

አራተኛው ይብሳል። መሣሪያው የት ይሰካ የሚለው ክርክር በአብዛኛው የቆመው በ2002 በታተመ አንድ የአካል ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ የተሠራው በ7 ጀርመናውያን አስከሬን ላይ ነው፤ 14 ጆሮ። ከቀዳዳው በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሙሉ በሙሉ በቬገስ ቅርንጫፍ እንደሚሸፈን፣ ሌሎቹ ቦታዎች ግን ከሰው ሰው እንደሚለያዩና ከሌሎች ነርቮች ጋር እንደሚጋሩት ተገኘ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ግን አስቡት፣ የዓለምን ጆሮ ሁሉ የሚወክል ካርታ ከ7 ሰው።

በ2021 ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ቢያንስ በሪፖርት አጻጻፍ እንስማማ ብለው ዝርዝር መስፈርት አወጡ። የት ተሰካ፣ ስንት ሚሊ አምፒር፣ ስንት ደቂቃ፣ ይስሙላው ምን ነበር የሚሉት ሁሉ ይጻፉ አሉ። አንድ የምርምር ዘርፍ በዚህ ደረጃ ላይ ካለ ገና በጉርምስና ላይ ነው። የጎረምሳን ቃል እንደ ሽማግሌ ቃል ይዞ ገበያ መውጣት ነው ስህተቱ።

«ጤነኛ» የተባለው ማን ነው?

ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመልሳችሁ፤ «በጤነኛ ሰዎች ላይ»።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የታላላቅ ጆርናሎችን ናሙና ቆጠረ። ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው የበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች ነበር። የጆሮ ማነቃቂያ ጥናቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ በብዛት የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የቻይና ተማሪዎችና ነዋሪዎች ናቸው።

«ነርቭ ነርቭ ነው፤ የፈረንጅና የሐበሻ የለውም» የምትሉ ትኖራላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ። ግን ከራሳችን ክልል አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ በሚባል ቦታ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። ያኔ ሳይንስ ለከፍተኛ ቦታ ኑሮ ሁለት ዓይነት መላመድ ያውቅ ነበር። የአንዲስ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር ባነሰ ኦክስጅን ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ሁለቱንም አልሆኑም። ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚኖር ሰው ነበር። ጤነኛ ገበሬዎች፣ ቀላል ምርመራ፣ ለዓለም ሦስተኛ መልስ።

ስለዚህ «ጤነኛ» የሚባል ዓለም አቀፍ አካል ወስደን ሁሉም ላይ መለጠፍ አንችልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም ቢባል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርዱ በደጋን በኩል ሙቀቱ ይጨምራል። ከፍታ የልብን ምትና የነርቭን ሥርዓት ይቀይራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ስኒ የጠጣ ሰው ልብ፣ ጫት የቃመ ሰው ልብ፣ በረመዳን ወይም በሁዳዴ የጾመ ሰው ልብ እንደ ሊድስ ተማሪ ልብ አይደለም። እነዚህ የእኛ ሕይወት ናቸው፣ ለምርምርም ጥያቄ ናቸው።

«ፓራሲታሞል በጠፋበት...»

ትልቁን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፈው እንደገና ነው የቆሙት። ጤና ጣቢያ ላይ መድኃኒት ይጠፋል። አንተ ስለ ጆሮ ኤሌክትሪክ ታወራለህ?»

ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ግማሹን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። የሚጥል በሽታን እንውሰድ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በዓለም 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በሽታው አለባቸው፤ 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው የሚኖሩት። በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶው ያለ መጣል ሊኖሩ ይችላሉ። በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ የሚገባቸውን ሕክምና አያገኙም። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት የመስቃንና ማረቆ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። ለአብዛኞቹ የሚያስፈልገው በየቀኑ የማይቋረጥ ክኒን ነው፤ ፊኖባርቢታል ከርካሾቹ አንዱ ነው። አንድ እናት ልጇ የሚወስደውን ክኒን አቋርጣ በዚያ ብር የጆሮ መሣሪያ ብትገዛ ልጁ እሳት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ ነው «አትግዙ» የምለው። ለጤነኛ ሰው የባከነ ብር ነው፤ ለታማሚ ግን የባከነ ጊዜና አንዳንዴም ሕይወት ነው።

በጦርነቱ ምክንያት እንቅልፍ ላጣው ሰውም እንዲሁ ነው። የሊድስ ጤነኛ ጡረተኛ እንቅልፉ ተሻሻለ ማለት፣ የተኩስ ድምፅ በሕልሙ የሚመጣበት የወሎ ሰው ይድናል ማለት አይደለም። ከጤነኛ ወደ ታማሚ ለመሻገር ሌላ ጥናት ይጠይቃል። ያንን ድልድይ በማስታወቂያ መዝለል ግፍ ነው።

ሌላውን ግማሽ ግን አልቀበልም። ድህነት የመድኃኒት ብቻ ሳይሆን የጥያቄም ሊሆን አይገባም። ሌሎች ጠይቀው፣ ሌሎች ለክተው፣ ሌሎች አምርተው፣ እኛ በመጨረሻ ዋጋ ብቻ የምንከፍል ከሆነ የሚሠራውን ከማይሠራው የምንለይበት ዓይን አይኖረንም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ልኬትም ሁልጊዜ ልክ አይሆንም።

ይህ ምርምር ደግሞ ከብዙ የሕክምና ምርምሮች በተለየ ቀላል ነው። አንጎል የሚያነሳ ማሽን ባይኖርም የልብ ምት መመዝገቢያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ መጠኑ የሚቆጣጠር ማነቃቂያ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ታማኝ ሰዎች ይበቃሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ሐኪሙና መሐንዲሱ አንድ ተቋም ውስጥ፣ በሁለት ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ዓይነት ዕድል ገንዘብ አይገዛውም።

እንዴት ይሠራ?

ከተሠራ ግን በወጉ ይሠራ። ጤነኛ ሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ከታማሚ ይልቅ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ተሳታፊው ከጥናቱ ለራሱ ጤና የሚያገኘው ነገር የለም። የሚሰጠው ለሌላው ነው። ስለዚህ፦

1. ፈቃዱ እውነተኛ ይሁን። አስተማሪ የራሱን ተማሪ ከጠየቀ ተማሪው «እምቢ» ለማለት ውጤቱን ይፈራል። ጠያቂውና ፈታኙ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። የሚነበበው ወረቀት በአማርኛና በተሳታፊው ቋንቋ፣ በሚገባው ቃል ይጻፍ፤ መሐል ላይ ጥሎ መሄድ መብቱ እንደሆነም ይነገረው።

2. ዕቅዱ አስቀድሞ ይመዝገብ። ምን እንደሚለካና ስንት ሰው እንደሚገባ ሥራው ሳይጀመር በመላ አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ ይስፈር። ውጤቱ ካላማረ እንዳይደበቅ፣ መለኪያውም ኋላ እንዳይቀየር።

3. ይስሙላው ይታሰብበት። ተሳታፊዎች በመጨረሻ «የትኛው የደረሰህ ይመስልሃል?» ተብለው ይጠየቁ። አብዛኞቹ በትክክል ከገመቱ ውጤቱ በጥርጣሬ ይታይ።

4. ቡናው፣ ጫቱ፣ ጾሙ፣ ከፍታው ይመዝገብ። የሌላ አገር መጠይቅ ገልብጦ «በቀን ስንት ቡና?» ብሎ ማለፍ የእኛን ሕይወት አይለካም። ስኒው አቦል ነው ወይስ በረካ? ሰዓቱስ?

5. «አልሠራም» የሚል ውጤት ይታተም። እንዲያውም ለሕዝባችን የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡን ያድንለታልና።

እስከዚያውስ?

በኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የሌሊት ፈረቃ እንቅልፌን አጠፋው፤ ይቺን የጆሮ ነገር ልግዛ?» ብሎ ጠይቆኛል። ያልኩትን ለእናንተም ልበላችሁ።

ብርህን ያዝ። እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንታት ካለፈ፣ ከሐዘን ወይም ከፍርሃት ጋር ከመጣ ጤና ባለሙያ ይይህ። የጀመርከው መድኃኒት ካለ በመሣሪያ ብለህ አታቋርጥ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ልቡ ላይ መሣሪያ የተገጠመለት ወይም ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ያለውን ነገር በራስ ውሳኔ መሞከር የለባቸውም፤ በጥናቶቹም ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም። ከስልክ ቻርጀርና ከሽቦ ራስህ ሠርተህ ጆሮህ ላይ ልትሰካ ካሰብክ ደግሞ በፈጣሪ ይሁንብህ፣ ተው!

በነጻ የሚገኝ ነገር ከፈለክ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋ ቃል እየደጋገሙ ሲያዜሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 እንደሚወርድና የልባቸውና የደም ግፊታቸው ቅንጅት እንደሚሻሻል አሳይቷል። ቁልፉ ቀስ ያለ ረጅም ትንፋሽ ነው። መንዙማና ቅዳሴ ጎን ለጎን በሚሰማባት ወሎ፣ ረጅም ዜማ በረጅም ትንፋሽ ማለት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። መንዙማ መድኃኒት ነው፣ ቅዳሴ ሕክምና ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰው ለፈጣሪው የሚያቀርበውን ወደ ክኒን ማውረድ ይሆናል። የምለው፣ ትንፋሽህን ለአምስት ደቂቃ ቀስ ማድረግ ምንም አያስከፍልህም ነው።

ለባለሥልጣናቱ አንድ ቃል። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን መቆጣጠር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። «ያረጋጋል» ብሎ የሚሸጥ መሣሪያ የሕክምና መሣሪያ ነው ወይስ የመዝናኛ ዕቃ? ሻጮች ሲመቻቸው አንዱን፣ ሲጠየቁ ሌላውን ይላሉ። ገበያው ሳይሞላ በፊት ግልጽ መልስ ቢሰጥበት ሕዝቡ ያርፋል።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ጥያቄዬን ትቼ ልሂድ። የመመረቂያ ርዕስ ስታማርጡ «የእውቀት፣ የአመለካከትና የተግባር ዳሰሳ» ብቻ አትምረጡ። ደሴ ላይ 40 ሰው፣ ኮምቦልቻ ላይ 40 ሰው፣ እውነተኛ ማነቃቂያና ጥሩ ይስሙላ፣ አስቀድሞ የተመዘገበ ዕቅድ። መልሱ «ይሠራል» ቢሆን ለዓለም አዲስ ነገር ነው። «አይሠራም» ቢሆን ለዚያ የፈረቃ ሠራተኛ የወር ደመወዙን ግማሽ ታድኑለታላችሁ።

ይህን የምታነቡ የጤና ባለሙያዎችና መሐንዲሶች አስተያየታችሁን አድርሱኝ፤ በተለይ የማትስማሙ። መሣሪያውን ለመግዛት እያሰበ ላለ ወዳጃችሁ ደግሞ ጽሑፉን አጋሩት።

ቸር እንሰንብት።